ኪክ ላይ ኪክ መከመር፦ ስለ ድምፅ መደረብ ለወጣው ጽሑፍ ምላሽ

ድምፅ እየደረቡ ቢት ስለመሥራት የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጀማሪ አቀናባሪዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው። ሰባት ነጥብ አለው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ድምፅ የሚወፍረው በሌየር (በሚደረብ ድምፅ) ብዛት ስለሆነ ለኪክ (ለወፍራሙ የድራም ምት) ቢያንስ አራት ሳምፕል (አጭር የተቀዳ ድምፅ) ደርቡ፤ ከአንዱ በስተቀር የቀሩትን ሌየሮች በሙሉ ከ200 ሄርዝ በታች ቁረጧቸው፤ ሶፍትዌር ውስጥ ሁሉም ነገር ግሪድ (የምት መስመሮቹ) ላይ ስለሚቀመጥ ስለ ፌዝ (ሞገዶቹ አብረው ስለ መውጣት መውረዳቸው) አትጨነቁ፤ ቤዙን ጨምሮ ሁሉንም ዲቱን አድርጋችሁ (ቅኝቱን በትንሹ አለያይታችሁ) ግራና ቀኝ ክፈቱት፤ ማሲንቆና ክራር ሲንት (ሲንተሳይዘር) ላይ ስትደርቡ የቅኝቱን ነገር ለኦቶቲዩን (ቅኝትን በራሱ ለሚያርመው ፕለጊን) ተዉት፤ ሁሉንም ወደ አንድ ግሩፕ ላኩና ኮምፕረሰሩ (ጮክ ያለውን ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) 8 ዲሲቤል እስኪጫን ድረስ ጨምቁት፤ በመጨረሻም ሌየሮቹን መቼም ኦዲዮ (የተቀዳ የድምፅ ፋይል) አታድርጓቸው።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። የዲቱን ምክሩ ለፓድ (ተዘርግቶ ለሚቆይ የሲንት ድምፅ) ትክክል ነው፤ ሌየሮችን ወደ አንድ ግሩፕ ላኩ ማለቱም ትክክል ነው። ጸሐፊው የሳቱት ነገሩን የቮልዩምና የኢኪው (የድምፁን የታችና የላይ ክፍሎች ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) ጉዳይ አድርገው መዝጋታቸው ላይ ነው። ሁለት ድምፆች ሲደረቡ የሚደጋገፉት ወይም የሚበላሉት በመጀመሪያ በጊዜ፣ ቀጥሎ በቅኝት በመስማማታቸውና ባለመስማማታቸው ነው። ሁለቱ ካልተስተካከሉ ኢኪው የሚያድነው ነገር የለም።

ከቁጥሩ እንነሳ። አንድን ሳምፕል ኮፒ አድርጋችሁ በራሱ ላይ ብትደርቡት የምታገኙት 6 ዲሲቤል ነው፤ ፌደሩን 6 ዲሲቤል ከፍ ከማድረግ በምንም አይለይም። እኩል ጉልበት ያላቸው ግን የማይመሳሰሉ ሁለት ድምፆች ሲደረቡ በአማካይ 3 ዲሲቤል ይጨምራሉ፤ አራት ሲሆኑ 6። ጆሮ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሰማውን «ይሄ ይሻላል» ይላል። አራት ኪክ ደርቦ ቢቱ እንደ ወፈረ የሚሰማው ሰው ብዙ ጊዜ የሰማው ይህንኑ የቮልዩም ጭማሪ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ አራቱንም ወደ አንድ ግሩፕ ላኩ፣ የግሩፑን ፌደር ከአንዱ ብቸኛ ኪክ ጋር እኩል እስኪሰማ ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ እያፈራረቃችሁ ስሙ። ልዩነቱ ከጠፋ ሦስቱ ኪኮች ሥራ አልነበራቸውም።

ኪክ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ ከ40 እስከ 60 ሄርዝ አካባቢ ያለው ግፊት፣ ከ100 እስከ 200 ያለው ሰውነት፣ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሄርዝ ያለው ጠቅታ። አንድ ሳምፕል ሁለቱን ከያዘ የሚያስፈልገው የጎደለውን ሦስተኛ የሚሞላ አንድ ተጨማሪ ብቻ ነው። በተለይ ከታች ያለውን ቦታ ሁለት ኪክ ከያዘው ጥፋቱ ወዲያው ይመጣል። የአንዱ ጅራት 50 ሄርዝ፣ የሌላው 54 ሄርዝ ነው እንበል። ሲመቱ አብረው ይገፋሉ። ልዩነታቸው 4 ሄርዝ ስለሆነ ግን ከ125 ሚሊ ሰከንድ በኋላ አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ጅማሬው ጠንካራ፣ ጅራቱ ባዶ የሆነ ኪክ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ሳምፕሉ ደካማ ነው» ብሎ አምስተኛ ኪክ ይጨምርበታል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ የአንዱን ጅራት በኢንቨሎፕ (ድምፁ የሚነሳበትንና የሚከስምበትን ጊዜ በሚወስነው ቅንብር) ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሰከንድ ላይ ዝጉት፤ ወይ ባለ 54ቱን 133 ሴንት ያህል (100 ሴንት ግማሽ ቶን ነው) ዝቅ አድርጋችሁ ከ50ው ጋር አስማሙት። ስትለኩ ጅራቱን ለኩ፤ የኪክ ጅማሬ ከላይ ተነስቶ የሚወርድ ስለሆነ ቲዩነሩን ያሳስተዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ሁሉም ግሪድ ላይ ስለሆነ ፌዝ ችግር አይደለም» የሚለው ነጥብ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ነው። ግሪድ የሚያስተካክለው ፋይሉ የሚነሳበትን ቦታ ነው። ፋይሉ ውስጥ ድምፁ የት እንደሚጀምር አያውቅም። አንዱ ሳምፕል ገና ፋይሉ ሲጀምር ይመታል፣ ሌላው ከፊቱ 3 ሚሊ ሰከንድ ዝምታ አለው። ኤምፒ3 ሆኖ የመጣ ሳምፕል ደግሞ ሲጨመቅ ከፊቱ ዝምታ ይጨመርበታል፤ የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር ካልቆረጠው ወደ 25 ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። በቴሌግራም የሚዞሩ የሳምፕል ጥቅሎች ውስጥ እንዲህ ያለው ሞልቷል።

5 ሚሊ ሰከንድ ምን ያደርጋል? አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ድምፆች በ5 ሚሊ ሰከንድ ቢለያዩ 100 ሄርዝ ላይ ሙሉ በሙሉ ይጠፋፋሉ፣ እንደገና 300 ላይ፣ እንደገና 500 ላይ። ልዩነቱ 10 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ የሚጠፋው 50 ሄርዝ ነው፤ ማለትም ኪኩ ራሱ። ሁለት የተለያዩ ሳምፕሎች እንዲህ በልክ አይጠፋፉም፤ ከታች ያለው ክፍላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ቀላል ሞገድ ስለሆነ እዚያ ጉዳቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኢኪው 50 ሄርዝን ከፍ ብታደርጉትም ሁለቱም እኩል ከፍ ይላሉ፣ እኩል ይጠፋፋሉ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱንም ሳምፕሎች ኦዲዮ አድርጋችሁ አንዱን ከሌላው በላይ አስቀምጡና ሞገዱ እስኪታይ ድረስ ዙም አድርጉ። ከፊት ያለውን ዝምታ ቁረጡ። የመጀመሪያውን ትልቅ እንቅስቃሴ እዩ፤ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ከጀመረ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ። ቁልፉ ኤብልተን ላይቭ ውስጥ «ዩቲሊቲ»፣ ሎጂክ ውስጥ «ጌይን» የሚባለው ፕለጊን ላይ፣ ሪፐር ውስጥ ትራኩ ላይ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ውስጥ ሚክሰሩ ላይ አለላችሁ፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ክብ ላይ የተሰመረ ሰያፍ መስመር ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ተዉና ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ግሩፑ ላይ 120 ሄርዝ ሎው ፓስ አድርጋችሁ (ከዚያ በላይ ያለውን ቆርጣችሁ)፣ ሞኖ አድርጋችሁ፣ ፖላሪቲውን እያበራችሁና እያጠፋችሁ ስሙ። ጉልበት ያለውን ያዙ። ሁለቱም እኩል የደከሙ ከመሰላችሁ ድምፆቹ በሩብ ዙር፣ በ90 ዲግሪ፣ ተለያይተዋል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱን በትንሽ በትንሹ ግፉት። 50 ሄርዝ ላይ ሩብ ዙር 5 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ከዚያ በላይ መግፋት አያስፈልግም፤ የፖላሪቲ ቁልፉና ወደ ፊትም ወደ ኋላም 5 ሚሊ ሰከንድ ሙሉውን ዙር ይሸፍናሉ። የምትገፉት ታችኛውን ሌየር እንጂ ጠቅታውን አይሁን። ጆሮ ምቱ መቼ እንደ ተመታ የሚያውቀው ከጠቅታው ነው፤ ግሩቩ የሚበላሸው እሱ ሲነካ ነው።

ክላፕ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የሮላንድ ቲአር-808 (1980) ክላፕ ራሱ የተሠራው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ተከታትለው ከሚፈነዱ የነጭ ድምፅ (የ«ሽሽ» ድምፅ) ቁርጥራጮች ነው፤ የብዙ ሰው ጭብጨባ የሚያስመስለውም ያ ነው። ስለዚህ ሦስት ክላፕ ስትደርቡ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሰከንድ ብታፈናጥቋቸው ያምራል። በልክ ካስተካከላችኋቸው አንድ ደረቅ ጥፊ ይሆናሉ።

ፌዝ በሲንትም አለ፤ እዚያ ደግሞ አይታይም። ሴረም በሚባለው የሶፍትዌር ሲንት ላይ እያንዳንዱ ኦሲሌተር (ሞገዱን የሚያመነጨው ክፍል) ሥር «ፌዝ» እና «ራንድ» የሚሉ ሁለት ማዞሪያዎች አሉ፤ ራንዱ አዲስ ፓች ስትከፍቱ ሙሉ ላይ ነው። እንደዚያው ከተዋችሁት እያንዳንዱ ኖት ሞገዱን ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ሁለት ሲንት ለቤዝ ስትደርቡ አንዱ ኖት ሆድ ይመታል፣ ተከታዩ ባዶ ይሆናል፣ ዘፈኑን ደግማችሁ ስታጫውቱት ደግሞ ተራው ይቀያየራል። ለቤዝ ራንዱን ዜሮ አድርጉት። ቫይታል የሚባለው ሲንትም ኤፍ ኤል ውስጥ ያለው 3ኤክስ ኦስክም ይኸው ማዞሪያ አላቸው። ለፓድ ግን ተዉት፣ ሕይወት ይሰጠዋል።

«ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ከ200 በታች ቁረጡ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ስላለው ነው አደገኛ የሆነው። ሃይ ፓስ ማድረግ (ከታች ያለውን መቁረጥ) ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ግን ከድምፁ ይመጣል እንጂ ከደንብ አይመጣም። የስኔር ሰውነት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሄርዝ ነው፤ ሁለተኛውን ስኔር 200 ላይ ከቆረጣችሁት የቀረው ወረቀት የመቅደድ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ተራ ኢኪው ሲቆርጥ ፌዝም ያዞራል፤ ከቆረጠበት በላይ ያለውን ጭምር። ታችኛውን ሌየር 150 ላይ ሎው ፓስ፣ ላይኛውን በዚያው 150 ላይ ሃይ ፓስ ያደረገ ሰው ንጹሕ ክፍፍል የሠራ ይመስለዋል። በሁለቱም ላይ የመረጠው የ12 ዲሲቤል ቁልቁለት (በአንድ ኦክታቭ የሚቆረጠው መጠን) ከሆነ ሁለቱ 150 ላይ 180 ዲግሪ ስለሚለያዩ መገጣጠሚያው ላይ ጉድጓድ ይከፈታል፤ የአንዱን ፖላሪቲ መገልበጥ ግድ ነው። በ24 ዲሲቤል ተራ ቁልቁለት ግን ይገናኙና እዚያው ቦታ ላይ 3 ዲሲቤል ያህል ጉብታ ይፈጥራሉ። ኢኪውያችሁ «ሊንክዊትዝ ራይሊ» የሚል አማራጭ ካለው 24ቱን በእሱ አድርጉት፤ መገጣጠሚያው ለጥ ይላል። ይህ ስሌት ሁለቱ ሌየሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ በልክ ይሠራል፤ ሲለያዩ ደግሞ ከቆረጣችሁ በኋላ የፖላሪቲውን ፈተና መድገም ነው። «ሊኒየር ፌዝ» ኢኪው ፌዝ አያዞርም፤ ግን ከምቱ በፊት ስስ ጥላ ይጥላል፣ ኪክ ላይ በደንብ ይሰማል። ለፓድና ለገመድ ድምፆች ይሁን።

ስለ ዲቱን። ፓድና ኮርድ ላይ የጸሐፊው ምክር ይሠራል፤ ሁለት ሶው ሞገዶችን ከ8 እስከ 15 ሴንት ወደ ላይና ወደ ታች ብትገፏቸው የሚፈለገው ስፋት ይመጣል። ቤዝ ላይ ግን ሒሳቡን እንሥራ። 55 ሄርዝ ላይ የ10 ሴንት ልዩነት ማለት ከ3 ሰከንድ በላይ የሚወስድ አንድ ማዕበል ነው። በ90 ቢፒኤም አንድ ባር 2.7 ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ቤዙ በየባሩ አንድ ጊዜ ያህል ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ታችኛውን ኦክታቭ አንድ ኦሲሌተር ብቻ፣ ሞኖ፣ ያለ ዲቱን ያዙት፤ ዲቱኑንና ስፋቱን ከእሱ በላይ ያለው ኦክታቭ ይሸከም። ግራና ቀኙን ለመክፈት ኮፒ አድርጎ አንዱን 15 ሚሊ ሰከንድ ማዘግየትም የተለመደ ነው፤ በሄድፎን ግሩም ነው፣ በአንድ ስፒከር ስልክ ሲጫወት ግን ሁለቱ ይደመሩና 33፣ 100፣ 167 ሄርዝ እያለ ጥርሱ እንደወለቀ ማበጠሪያ ይሆናል። ከ120 ሄርዝ በታች ያለው ሁሉ ሞኖ ይሁን። ቤዙ በስልክ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ሌላ ሌየር ጨምሩለት፦ ያንኑ ኖት፣ ሳቹሬሽን (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን) አድርጋችሁ፣ ከ150 በታች ተቆርጦ። ስልኩ 55ን ማውጣት ባይችልም 165ን እና 220ን ሲያወጣ ጆሮ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል።

የአገር መሣሪያዎች ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክሩ እዚህ ከስህተትም አልፎ ድምፁን ያበላሻል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፣ ክራርም የሚቃኘው በተጫዋቹ ጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ሲንቱ ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ፣ 440 ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ማሲንቆው 440 አካባቢ ያለ ኖት ላይ ከሲንቱ 20 ሴንት ቢርቅ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል የሚመታ መንቀጥቀጥ ይፈጠራል። ይህ ደግሞ ተጫዋቹ በጣቱ ከሚሰጠው ንዝረት ፍጥነት ጋር በጣም የሚቀራረብ ስለሆነ ሁለቱ ይጣላሉ፣ ማሲንቆው የታመመ ይመስላል። እዚያ ላይ ኦቶቲዩን በፈጣን ፍጥነት መጫን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ከኖት ወደ ኖት የሚንሸራተተውን ደረጃ ያደርገዋል፤ ማሲንቆን ማሲንቆ ያደረገው ደግሞ ያ መንሸራተት ነው።

ስኬሉም አለ። አንቺሆዬ ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ኦቶቲዩኑን ሲ ሜጀር ላይ ያስቀመጠ ሰው ዲ ፍላቱንና ጂ ፍላቱን ወደ ጎረቤቶቻቸው ይነዳቸዋል፤ የቀረው ቅኝት አንቺሆዬ አይደለም። የግድ መጠቀም ካለባችሁ አምስቱን ኖቶች ብቻ ከፍታችሁ የቀሩትን ዝጉ፣ ፍጥነቱን አዘግዩት። ከዚያ የሚሻለው ኖትን በእጅ በሚያርሙት በፍሌክስ ፒች፣ በቫሪኦዲዮ ወይም በሜሎዳይን ረግተው የቆሙትን ኖቶች ብቻ እየመረጡ መንካት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ግን ተቃራኒው ነው፦ ሲንቱ ለክራሩ ይገዛ። ክራሩን ስትቀዱ እያንዳንዱን ክር ለብቻው አስመትታችሁ ቅዱ፣ በቲዩነር ስንት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ጻፉ፣ ከዚያ የሲንቱን ኖቶች በዚያ ልክ አንቀሳቅሱ። ሎጂክ በፕሮጀክቱ የቲዩኒንግ ቅንብር ውስጥ ለ12ቱም ኖቶች ሴንት ያስገባል፤ ላይቭ 12 የቅኝት ፋይል ይቀበላል፤ ሴረምና ቫይታልም እንዲሁ። ኤፍ ኤል ላይ ፒያኖ ሮል ውስጥ የኖቱን ፋይን ፒች በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አምስት ኖት ነው። ሁሉም ክር በአንድ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ደግሞ የሲንቱን ማስተር ቲዩን ብቻ ማዞር ይበቃል።

ከበሮ ላይ ኪክ ስትደርቡም እንደዚሁ ኪኩን ወደ ከበሮው ውሰዱት። በ6/8 የጭክጭካ ምት ውስጥ የመቺው እጅ ከግሪዱ ትንሽ የሚቀድምበትና የሚዘገይበት ቦታ አለ፤ ከበሮውን ኳንታይዝ አድርጋችሁ ግሪድ ላይ ከቸነከራችሁት ጭክጭካው ይሞታል። ከበሮውን ተዉት፤ የኪኩን እያንዳንዱን ምት ከበሮው በመታበት ቦታ አስቀምጡ። ከበሮው በሁለት ማይክ፣ አንዱ በሰፊው አንዱ በጠባቡ ፊት ከተቀዳ ደግሞ ገና ኪክ ሳይጨመር የፖላሪቲውን ፈተና አድርጉ። ሰፊው ፊት ሲመታ ቆዳው ከማይኩ ይሸሻል፣ በውስጥ ያለው አየር የወዲያኛውን ቆዳ በዚያ በኩል ወዳለው ማይክ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ቅጂዎች ተገልባብጠው ሊገኙ ይችላሉ።

ኮምፕረሰሩን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። 8 ዲሲቤል መጫን ሌየሮችን አያዋህድም፤ ጮክ ያለው ሌየር የቀሩትን እየደፈቀ እንዲሄድ ያደርጋል። ሬሾ 2 ለ1፣ አታክ 30 ሚሊ ሰከንድ፣ ሪሊዝ 100 አካባቢ፣ ጭነቱ 1 ወይም 2 ዲሲቤል። አንድነቱን ከፈለጋችሁ ሁሉንም ሌየሮች ወደ አንድ አጭር ሪቨርብ፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጅራት፣ በትንሹ ላኩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተመቱ ይመስላሉ። ዲስቶርሽን ግሩፑ ላይ ስታደርጉ ተጠንቀቁ፤ ሁለት የተለያዩ ኖቶች አብረው ሲገቡበት በመካከላቸው ሌላ ያልተጠራ ድምፅ ይወልዳል፣ ኮርድ ላይ ጭቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤፍ ኤል የምትጠቀሙ ደግሞ «ሌየር» የሚባለው ቻናል ኖት ብቻ እንደሚያከፋፍል፣ ድምፅ እንደማይደምር እወቁ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ አንዱ ሚክሰር ትራክ ካልላካችኋቸው ግሩፕ የላችሁም። የኤብልተን ኢንስትሩመንት ራክና የሎጂክ ሰሚንግ ስታክ ግን ድምፁንም ራሳቸው ይደምራሉ።

«ሌየሮቹን መቼም ኦዲዮ አታድርጉ» የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ከፌዙ ጉዳይ ጋር ይጋጫል። ራንድ የበራበት ሲንት በተጫወተ ቁጥር ሌላ ነው፤ ዛሬ ሚክስ ያደረጋችሁትና ነገ ኤክስፖርት የምታደርጉት አንድ አይሆንም። በተጨማሪም ሞገድን ከሞገድ ማስተካከል የሚቻለው ሲታይ ነው። ስለዚህ ድርቡ ሲስማማችሁ ግሩፑን 24 ቢት ዌቭ አድርጋችሁ አውጡት፣ ጅራቱ እንዳይቆረጥ ከመጨረሻው ኖት በኋላ 2 ሰከንድ ጨምሩ፣ ስሙ ላይ ቢፒኤሙንና ቅኝቱን ጻፉ። ሲንቶቹን አታጥፏቸው፤ ድምፃቸውን ዝጉና ፕለጊኖቹን አጥፍታችሁ እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ከታች አስቀምጧቸው። ላፕቶፑም ይተነፍሳል።